የአሳማ ደህንነትና የእርባታ ምርታማነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሳማ የሚያረባ ሰው ስለ መኖ፣ ስለ ዝርያና ስለ መድኃኒት አጥብቆ ይጠይቃል። ስለ እንስሳው ምቾት የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱንም «ገንዘብ ሲተርፈኝ አስብበታለሁ» እያለ። እኔ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። ምርጥ መኖ ቢገዛም፣ የሚበላው አሳማ በሙቀት የሚቃትት ወይም በፍርሃት የሚርድ ከሆነ ገንዘቡ ስጋ ሳይሆን ይቀራል። ከዚህ በታች ያሉት አርቢዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

የእንስሳት ደህንነት ሲባል ምን ማለት ነው?

እንስሳው ኑሮውን እንዴት እየኖረው ነው ማለት ነው። ጤና አንዱ ክፍል ነው፤ ሁሉም ግን አይደለም። ያልታመመ አሳማ ሊራብ፣ ሊፈራ ወይም ቀኑን ሙሉ ብረት ሲያኝክ ሊውል ይችላል።

በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ1965 የእርባታ እንስሳትን አያያዝ ያጠናው የብራምቤል ኮሚቴ ባወጣው ሪፖርት ላይ አንድ እንስሳ ቢያንስ መቆም፣ መተኛት፣ መዞር፣ ሰውነቱን ማጽዳትና እግሩን መዘርጋት መቻል አለበት ተባለ። ይህ ሐሳብ እያደገ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1979 «አምስቱ ነጻነቶች» በሚል ተቀረጸ፦ ከረሃብና ከጥም፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነጻ መሆን፣ እንዲሁም ተፈጥሯዊ ጠባይን የማሳየት ነጻነት። ለአርቢ ከዚህ የተሻለ ማስታወሻ አላውቅም። በረት ውስጥ ቆመው አምስቱን አንድ በአንድ ቢጠይቁ የጎደለው ወዲያው ይታይዎታል።

ይህ ከእድገትና ከገቢ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። አሳማ ከሚበላው መኖ የሚያገኘው ጉልበት መጀመሪያ የሚሄደው ራሱን ለማቆየት ነው። ሙቀቱን ይጠብቃል፣ በሽታ ይከላከላል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይታገላል፣ ይሸሻል። ወደ ስጋ፣ ወደ ወተትና ወደ ጽንስ የሚሄደው ከዚህ የተረፈው ብቻ ነው። መኖ ደግሞ ከአሳማ እርባታ ጠቅላላ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል። ስለዚህ የሚበርደው ወይም የሚጣላ አሳማ በየቀኑ የሚያቃጥለው ጉልበት የእርስዎ ትልቁ ወጪ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ጭንቀት ሲረዝም ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ከፍ እንዳለ ይቆያል። ኮርቲሶል ጡንቻን ያፈርሳል፣ የበሽታ መከላከል አቅምን ያዳክማል፣ የመራቢያ ሆርሞኖችንም ያዛባል። እድገት ሲዘገይ፣ ሳል ሲበዛና እናቶች አልጸንስ ሲሉ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ይመስላሉ። ብዙ ጊዜ ምንጫቸው አንድ ነው።

አሳማዎቼ ሲሞቃቸው መብላት ያቆማሉ። ምን ላድርግ?

አሳማ እንደ እኛ አልቦ ራሱን ማቀዝቀዝ አይችልም። የላብ ዕጢዎቹ ለዚህ ሥራ አይረዱትም ማለት ይቻላል። ያለው ምርጫ በፍጥነት መተንፈስ፣ ቀዝቃዛ መሬት ላይ መዘርጋት፣ ገላውን ማርጠብና መብላት መቀነስ ነው። መኖ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ሙቀት ይፈጥራል፤ ስለዚህ እንስሳው ራሱን የሚያድነው ባለመብላት ነው። ጥፋቱ የምግብ ፍላጎቱ ሳይሆን የቤቱ ነው።

የምታጠባ እናት የሚስማማት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ በጨመረ ቁጥር ትንሽ ትበላለች፣ ወተቷ ይቀንሳል፣ ከሰውነቷ ላይ እየቀነሰች ታጠባለች። ጡት ካስጣለች በኋላም ቶሎ ወንድ አትፈልግም። ጉዳቱ ወደ ሚቀጥለው ወሊድ ይሻገራል ማለት ነው። በወንዱ ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያሳስታል። የወንዱ ዘር ለመብሰል ሳምንታት ስለሚፈጅ አንድ የሙቀት ሳምንት ያበላሸው ዘር ውጤቱ የሚታየው ሙቀቱ ካለፈ ከ5 እና ከ6 ሳምንት በኋላም ነው። አርቢው ያን ጊዜ ሙቀቱን ረስቶታል፤ ሴቶቹን «መካን ናቸው» ብሎ ያስወግዳል። ያሳዝናል፤ በደህና እናት ላይ የሚፈጸም ስህተት ነው።

ጥላ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ አየር የሚያሳልፍ ግድግዳና በቂ ውሃ ይቀድማሉ። ገላቸው ላይ በየመሐሉ ውሃ ማርከፍከፍና እንዲደርቅ መተው ብዙ ይረዳል፤ የሚያቀዝቅዘው ውሃው ሲተን ነውና ከነፋስ ጋር ቢሆን ይሻላል። ዋናውን መኖ ወደ ንጋትና ወደ ምሽት ማዞርም ምንም ወጪ የለውም።

አሳማ ቆሻሻ ይወዳል የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። ቦታና ምቹ ሙቀት ያገኘ አሳማ የሚተኛበትንና የሚጸዳዳበትን ይለያል። በእበቱ ላይ ተንከባሎ ካገኙት አንድም ሞቆታል አንድም ቦታ ጠቦታል።

እናት አሳማ ብዙ ትወልዳለች፤ ግልገሎቹ ግን ይሞታሉ። ለምን?

ይህ የአሳማ እርባታ ትልቁ ቁስል ነው። በሕይወት ከተወለዱት ግልገሎች መካከል ጡት ሳይጥሉ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት መሞታቸው በብዙ እርባታዎች የተለመደ ነው። አብዛኞቹ የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ነው። በመዝገቡ ላይ «እናቱ ተኛችበት» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ በፊት ምን እንደሆነ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የአሳማ ግልገል ሲወለድ የስብ ክምችቱ እጅግ ትንሽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ኪሎ ተኩል የማይበልጥ ገላው ርጥብ ነው፣ ጸጉሩም ስስ ነው። ከ30 እስከ 34 ዲግሪ ይፈልጋል። እናቱ የሚስማማት ግን ወደ 20 ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት የአየር ጠባይ መፍጠር አለብዎ ማለት ነው፤ ለግልገሎቹ አምፖልና ደረቅ ጉዝጓዝ ያለበት ጥግ፣ ለእናትየው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ። የሞቀ ጥግ ያላገኘ ግልገል ሙቀት ፍለጋ እናቱን ይጠጋል። ከበረደው ይደክማል፣ ከደከመ አይጠባም፣ ካልጠባ እናቱ ስትተኛ ዘሎ አያመልጥም። የገደለው ክብደቷ ይመስላል፤ መነሻው ብርድና ረሃብ ነበር።

እንገሩም ሌላ ነገር ነው። የአሳማ የእንግዴ ልጅ የበሽታ መከላከያን ወደ ጽንሱ አያሳልፍም። ግልገሉ የሚወለደው ያለ ምንም መከላከያ ነው። ሁሉንም ከእንገር ማግኘት አለበት፤ አንጀቱ ደግሞ ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ ይህን መከላከያ ወደ ደም ማሳለፍ ያቆማል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደካማዎቹን አድርቆ ጡት ላይ ማድረስን የሚተካ መርፌ የለም። ግልገሎቹ ከበዙ የጠገቡትን ለአንድ ሰዓት ያህል ሞቅ ያለ ሣጥን ውስጥ አቆይቶ ትንንሾቹን ማስጠባት ይቻላል።

ለእናትየውም አንድ ነገር ያድርጉ፦ ከመውለዷ በፊት ጭድ ይስጧት። እናት አሳማ ለመውለድ አንድ ቀን ሲቀራት ጎጆ መሥራት ትጀምራለች። ባዶ ሲሚንቶ ላይ ብትሆን እንኳ መሬቱን ትቧጭራለች፣ በአፍንጫዋ ትገፋለች። ሆርሞኗ ነው የሚያዛት። የምትሠራበት ሲጠፋ ትጨነቃለች፣ ምጡም ሊራዘም ይችላል። ምጥ በረዘመ ቁጥር ታፍነው የሚወለዱት ይበዛሉ። አንድ ክንድ ጭድ ይህን ያህል ዋጋ አለው።

እናት አሳማን በጠባብ ብረት (መዞር በማያስችል የብረት አጥር) ውስጥ ማቆየት ምርት ይጨምራል ይባላል። እውነት ነው?

ሁለት የተለያዩ ብረቶች አሉ፤ ይለያዩ።

የመጀመሪያው በእርግዝና ጊዜ የምትታሰርበት ነው። እርግዝናዋ ወደ 114 ቀን ነው፤ ይህን ሁሉ ጊዜ መዞር ሳትችል ትቆማለች። በአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከተጠቃች (ከወንድ ጋር ከተገናኘች) ከ4 ሳምንት በኋላ እስከ መውለጃዋ አንድ ሳምንት ሲቀር ድረስ በቡድን መቀመጥ አለባት። ስዊድንና ብሪታኒያ ከዚያ ቀድመው ከልክለውታል። በደንብ የተያዘ ቡድን ከታሰሩት እኩል ይወልዳል፤ የእግር ጡንቻና አጥንታቸውም ይጠነክራል። «በደንብ የተያዘ» የሚለውን አስምሩበት። መኖ ለሁሉም እኩል የማይደርስበት ቡድን ከብረቱ የባሰ ሊሆን ይችላል፤ ጉልበተኛዋ ትወፍራለች፣ ደካማዋ ተነክሳ ትከሳለች።

ሁለተኛው በወሊድ ጊዜ ያለው ነው። ይህኛው ከባድ ጥያቄ ነው። በሕይወት የተወለዱ ግልገሎችን ከመደፍጠጥ ያድናል፤ ይህን መካድ አይገባም። እናትየዋን ግን ጎጆ ከመሥራት ይከለክላታል። ስዊድን፣ ኖርዌይና ስዊዘርላንድ ያለ እሱ እየሠሩ ነው። የኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ሰፊ ክፍል፣ በግድግዳው ዙሪያ ግልገል የሚያመልጥበት ክፍተት ያለው አግዳሚ፣ ጉዝጓዝና የሞቀ ጥግ ካሉ እናትየዋን መልቀቅ ይቻላል። እነዚህ ሳይኖሩ ብረቱን ብቻ ማንሳት ግን ግልገል ያስጨርሳል። ከሁለቱ መሐል፣ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ብቻ ዘግቶ ከዚያ የሚከፈተው ዓይነት ጥሩ መሸጋገሪያ ነው።

ሠራተኛው አሳማዎቹን እንዴት እንደሚይዝ ምርት ላይ ለውጥ ያመጣል?

በጣም። ፖል ሄምስወርዝ የተባሉት አውስትራሊያዊ ተመራማሪ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተከታታይ ያሳዩት ይህን ነው። ሰው ሲቀርባቸው የሚመቱ ወይም በኤሌክትሪክ የሚነኩ አሳማዎች ሰውን መፍራት ይማራሉ። በፍርሃት የሚኖሩት ደግሞ በዝግታ ያድጋሉ፣ የሚጸንሱትም ያንሳሉ። የሚገርመው በቀን የነበረው ንክኪ ጥቂት ደቂቃ ብቻ መሆኑ ነው። አንዴ መልካም አንዴ ክፉ መሆንም አያዋጣም፤ አሳማው ሰውን በጅምላ ይፈራል።

ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ አለ። ክፍሉ ውስጥ ገብተው ሳይንቀሳቀሱ ይቁሙ። በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ መጥተው ጫማዎን የሚያሸቱ ከሆነ ደህና ናቸው። ጥግ ላይ ተከማችተው ከቀሩ በዚያ ቤት የሚሠራውን ሰው አያያዝ ይመልከቱ። ሠራተኛውን ለመቅጣት አይደለም። ደክሞት፣ መተላለፊያው ጠቦት፣ ወይም ማንም አላስተማረውም ይሆናል።

በሚያጠባው ቤት ውስጥ ጩኸትና ግርግር ሌላም ጉዳት አለው። እናት አሳማ ወተት የምትለቀው በየ1 ሰዓቱ ገደማ ነው፤ የሚፈሰውም ለ20 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ከደነገጠች አድሬናሊን የተባለው የድንጋጤ ሆርሞን ወተት የሚያስለቅቀውን ኦክሲቶሲን ያግደዋል፤ ግልገሎቹ ያን ዙር ያጡታል።

ጭራ መነካከስ ጀመሩ። መቁረጥ አይሻልም?

አሳማ በአፍንጫው ለመቆፈር የተፈጠረ ነው። በኤደንብራ ሰፊ ግቢ ውስጥ የተለቀቁ የእርባታ አሳማዎች ሲጠኑ ከቀኑ ብርሃን ከግማሽ በላይ የሆነውን ጊዜ ሲግጡና ሲቆፍሩ ያሳለፉ ነበር። መኖ በገንዳ ቢቀርብለትም ይህ ፍላጎት አይጠፋም። ባዶ ሲሚንቶ ላይ ያለ አሳማ የሚቆፍረው ሲያጣ የሚያገኘው ተንቀሳቃሽ ነገር የጓደኛው ጭራ ነው። መጀመሪያ ያኝከዋል። ደም ከወጣ በኋላ ሌሎቹም ይመጣሉ።

ምክንያቱ ግን መሰላቸት ብቻ አይደለም። ቀዝቃዛ ነፋስ፣ መጥፎ አየር፣ የገንዳ ሽሚያ፣ የጨው ወይም የፕሮቲን እጥረት፣ በሽታ፣ ድንገተኛ የመኖ ለውጥ፤ ሁሉም ያባብሱታል። ጭራ መነካከስ የሆነ ነገር መበላሸቱን የሚናገር ደወል ነው። ጭራውን መቁረጥ የሚጎዱትን ቁጥር ይቀንሳል፤ ደወሉ የሚደወልበትን ምክንያት ግን አይነካም። በአውሮፓ ኅብረት በዘልማድ መቁረጥ የተከለከለውም ለዚህ ነው።

ኪሳራው ከቁስሉ ይበልጣል። ኢንፌክሽኑ በአከርካሪ በኩል ወጥቶ ሳንባና መገጣጠሚያ ውስጥ መግል ይሠራል፤ ቄራ ሲደርስ ስጋው ይጣላል።

ሲጀምር ነካሹንም የተነከሰውንም ወዲያው ያውጡ። ለቀሩት ጭድ፣ ድርቆሽ፣ ለስላሳ እንጨት ወይም የሚያኝኩት ገመድ ያቅርቡ። ሰንሰለት ብቻ አይበቃም፤ በሁለት ቀን ይሰለቹታል። የሚቆፈር፣ የሚታኘክና የሚለዋወጥ ነገር ነው የሚፈልጉት። አስቀድሞ የሚታይ ምልክትም አለ፦ ተጠቅልሎ የነበረ ጭራ ወርዶ በእግሮቹ መሐል ሲገባ ነገሩ ሊጀምር ነው።

በአንድ ክፍል ውስጥ ስንት ማስቀመጥ ይቻላል?

እንደ መነሻ የአውሮፓ ኅብረትን ዝቅተኛ ልክ ልስጥዎ፦ ከ50 እስከ 85 ኪሎ ለሚመዝን አሳማ 0.55 ካሬ ሜትር፣ እስከ 110 ኪሎ 0.65፣ ከ110 በላይ 1 ካሬ ሜትር። ይህ የመጨረሻው ዝቅተኛ ወሰን ነው፤ ለኔ ጠባብ ነው። በሞቃት ወቅት ተዘርግተው ስለሚተኙ ተጨማሪ ይፈልጋሉ።

አንዱ ወጥመድ ይህ ነው፦ ሲጨናነቁ እያንዳንዱ አሳማ በዝግታ ያድጋል፤ ከክፍሉ የሚወጣው ጠቅላላ ኪሎ ግን ለጊዜው ሊጨምር ይችላል። አርቢው ትርፍ ያገኘ ይመስለዋል። ለአንድ ኪሎ ስጋ ስንት መኖ እንደሄደ፣ ስንቱ እንደሳለና ስንቱ እንደሞተ ሲደመር ሒሳቡ ይለወጣል።

የማይተዋወቁ አሳማዎችን መደባለቅም ጠብ ያመጣል። ማን አለቃ እንደሆነ እስኪለይ ድረስ አንድ ሁለት ቀን ይዋጋሉ። በተቻለ መጠን አብረው ያደጉትን አይለያዩ። የተጠቁ እናቶችን መደባለቅ ግድ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወይም ከ4 ሳምንት በኋላ ይሁን። በመሐሉ ጽንሱ ማሕፀን ላይ የሚጣበቅበት ጊዜ ስለሆነ ጠብ ሊያስወርዳት ይችላል።

ውሃማ አለ፤ ለምን ስለ ውሃ ይወራል?

ቧንቧ መኖሩና ውሃ መድረሱ ይለያያሉ። የምታጠባ እናት በቀን ከ20 እስከ 30 ሊትር ትጠጣለች፤ ቧንቧዋ በደቂቃ ቢያንስ 2 ሊትር መስጠት አለበት። የ1 ሊትር ጠርሙስ ይያዙና ይለኩ። በ30 ሰከንድ ካልሞላ ቆማ መጠበቅ ይሰለቻትና ትተወዋለች፤ የማይጠጣ ደግሞ አይበላም። ውሃ ጭራሽ ሲቋረጥ ጨው ይመርዛቸዋል፤ ይንቀጠቀጣሉ፣ እንደ ዕውር ሆነው ግድግዳ ይገጫሉ። ይህ ሲሆን ውሃውን በአንዴ አይልቀቁ። ትንሽ ትንሽ እየሰጡ ሐኪም ይጥሩ።

ማኮላሸት የግድ ነው?

የሚኮላሸው የአዋቂ ወንድ ስጋ ሲበስል የሚያመጣውን ጠረን ለማስቀረት ነው። ያልተኮላሸ ወንድ ግን መኖን በተሻለ ወደ ስጋ ይለውጣል፣ ስቡም ያነሰ ነው። ስለዚህ አካለ መጠን ሳይደርስ የሚታረድበት ገበያ ካለ መተው ይቻላል። ሁለት ጊዜ የሚሰጥ ክትባትም ያንኑ ሥራ ይሠራል። ግድ ሆኖ ከተኮላሸ የሕመም ማስታገሻ ይሰጠው። ግልገሉ ያመዋል፤ ይህን ለማወቅ ጩኸቱን መስማት ይበቃል።

በእርባታው ሁሉ ደህና ነበሩ፤ ስጋው ግን ውሃ ውሃ አለ። ምን ሆኖ ነው?

መንገድ ላይ ወይም ቄራ ውስጥ ተጨንቀው ነው። አሳማው ከመታረዱ ጥቂት ደቂቃዎች በፊት ከተሯሯጠና ከደነገጠ ጡንቻው ውስጥ አሲድ በፍጥነት ይከማቻል። ስጋው ገና ትኩስ ሳለ ፒኤች (የአሲድ መጠን መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ ጨመረ ማለት ነው) በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ6 በታች ይወርዳል፤ ፈዛዛ፣ ልፍስፍስና ውሃ የሚያንጠባጥብ ይሆናል። ጭንቀቱ ረጅም ከነበረ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የጡንቻው ጉልበት ያልቅና ስጋው ጠቆር ያለ፣ ደረቅና ቶሎ የሚበላሽ ይሆናል። የስድስት ወር ልፋት በአንድ ጠዋት እንዲህ ይበላሻል።

ከመጫንዎ በፊት ለጥቂት ሰዓታት መኖ ይከልክሉ፣ ውሃ አይከልክሉ። በትንንሽ ቡድን ይንዱ፤ ከአምስት ስድስት አይበልጡ። ኤሌክትሪኩን ይተዉትና በሰሌዳ ይንዱ። አሳማ ከጨለማ ወደ ብርሃን ይሄዳል፤ ጥላ፣ ኩሬ ወይም የሚወዛወዝ ልብስ ካየ ግን ይቆማል። ሲቆም እልህ አይደለም፤ የፈራውን ነገር ያንሱለት።

ይህ ሁሉ ወጪ አይደለም ወይ?

በከፊል ነው፤ ሁሉም ይከፍላል ብዬ አልዋሽዎትም። ሰፊ ቦታና የወሊድ ክፍል ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ስጋው የተሻለ ዋጋ የማያወጣ ከሆነ ወጪው በአርቢው ትከሻ ላይ ይቀራል። እንደዚያም ሆኖ መደረግ ያለባቸው ነገሮች አሉ፤ እንስሳው ስለሚሰማው ብቻ። ነገር ግን ቧንቧ ማስተካከል፣ ጭድ መስጠት፣ አለመምታት፣ መኖ የሚሰጥበትን ሰዓት መቀየር፣ አየር ማስገባት፤ እነዚህ ሁሉ እምብዛም ወጪ የላቸውም።

ለውጡ እንደሠራ በምን አውቃለሁ?

ከመጀመርዎ በፊት የነበረውን ይጻፉ። ጡት ሳይጥሉ የሞቱት ስንት ናቸው? ለገበያ ክብደት የደረሱት በስንት ቀን ነው? ለአንድ ኪሎ ስጋ ስንት ኪሎ መኖ ሄደ? ስንት እናቶች አነከሱ፣ ስንቶቹስ ከሦስተኛ ወሊድ በፊት ወጡ? ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ አይቀይሩ፤ የቱ እንደሠራ አይታወቅም።

ከዚያ በየቀኑ አሥር ደቂቃ፣ መኖ ሳይዙ፣ ቆመው ይመልከቷቸው። ተደራርበው ከተኙ በርዷቸዋል። ተራርቀው ተዘርግተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል። በጎናቸው ተኝተው እርስ በርስ በጥቂቱ ከተነካኩ ተስማምቷቸዋል። ሳሉን ይቁጠሩ። የአሞኒያው ሽታ የእርስዎን ዓይን ካቃጠለ እነሱ ሌሊቱን ሙሉ አፍንጫቸውን መሬት ላይ አድርገው ሲተነፍሱት ነው ያደሩት፤ መስኮቱን ይክፈቱላቸው።